ጎልያድ፣ ዘንዶና ወራባ፦ የዲኤንዲ ነፃ ደንብ የዝርያ ክፍል ሲመዘን

ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (ዲኤንዲ) ጌም ማስተሩ ታሪኩን እየመራ፣ ሌሎቹ የየራሳቸውን ገጸ ባሕሪ ሠርተው በዳይስ የሚጫወቱት የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። ባለ384 ገጹን የ2024 የተጫዋቾች መጽሐፍ ድሬዳዋ ድረስ ለማስመጣት ዶላር የሚከፍል ካርድ፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድና ትዕግሥት ይጠይቃል። የጨዋታው አሳታሚ ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት በ2025 የለቀቀው ኤስአርዲ 5.2 (የመሠረታዊ ደንቦቹ ሰነድ) ግን ነፃ ፒዲኤፍ ነው። ከ360 ገጽ በላይ አለው፤ ከስልክ ወደ ፍላሽ፣ ከፍላሽ ወደ ከዚራ ኮፒ ቤት መሄድ ብቻ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) እዚህ የምንመዝነው ሙሉውን ሰነድ ሳይሆን፣ አዲስ ተጫዋች ሁሉ መጀመሪያ የሚሻማበትን ጥቂት ገጽ ነው፤ ገጸ ባሕሪው ምን ዓይነት ፍጡር እንደሆነ የሚወስኑትን፣ የዝርያዎቹን።

ዝርያዎቹ ዘጠኝ ናቸው፦ ድራጎንቦርን፣ ድዋርፍ፣ ኤልፍ፣ ኖም፣ ጎልያድ፣ ሃፍሊንግ፣ ሰው፣ ኦርክና ቲፍሊንግ። አሥረኛው አሲማር የሚገኘው ባለዋጋው መጽሐፍ ላይ ብቻ ነው። በ2014ቱ እትም ራሳቸውን ችለው የነበሩት ሃፍ ኤልፍና ሃፍ ኦርክ ከሁለቱም ወጥተዋል። ይህ ብዙ ሰው ያስከፋል፤ በ2023 የወጣው ባልደርስ ጌት 3 የተባለው የኮምፒውተር ጌም በመጀመሪያው ቅዳሜና እሁድ ብቻ በብዛት የተመረጠው ሃፍ ኤልፍ ነበርና። ለሚፈልገው መላ አለ፦ በነፃ ከሚገኘው የድሮው ኤስአርዲ 5.1 ሃፍ ኤልፉን ማውጣት፣ የግርማ ሞገስ (ካሪዝማ) ችሎታውን +2 እና የሌሎቹን ሁለት ችሎታዎች +1 መሰረዝ፣ ቀሪውን እንዳለ መጠቀም። መሰረዙን የረሳ ጭማሪውን ሁለት ጊዜ ይወስዳል። ሁለቱን ሰነዶች የሚያቀላቅል ጠረጴዛ ላይ በብዛት የሚገጥመው ስህተት ይኸው ነው።

ምክንያቱም በአዲሱ ደንብ ዝርያ የጉልበትና የዕውቀት ቁጥር መስጠት አቁሟል። ድሮ ድዋርፍ ጽናት፣ ኤልፍ ቅልጥፍና ይጨምር ስለነበር ተጫዋቹ የሚወደውን ሳይሆን ከክላሱ (ከገጸ ባሕሪው ሙያ) ጋር የሚገጥመውን ይመርጥ ነበር። አሁን ጭማሪው የሚመጣው ከባክግራውንድ (ገጸ ባሕሪው ከጀብዱ በፊት ከነበረው ኑሮ) ነው፦ ከተዘረዘሩት ሦስት ችሎታዎች ለአንዱ +2 እና ለሌላው +1፣ ወይም ለሦስቱም +1። ኦርክ ጠንቋይ ሆኖ ከኤልፍ ጠንቋይ እኩል መጀመር ይችላል። ስሙም አብሮ ተቀይሯል፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ «ሬስ» ሲባል የኖረው አሁን «ስፒሺስ» ነው። ወደ አማርኛ ስንመልሰው «ዘር» ሳይሆን «ዝርያ» ያልነውም ለዚሁ ነው። አዲስ የመጣ ሰው ወረቀት ይዞ ሳይረጋጋ «ዘርህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው አንድ ላይ በተቀመጠበት የድሬ ግቢ ውስጥ ጨዋታ ማስጀመሪያ አይሆንም።

የሰነዱ ትልቁ ጉድለት ያለው እዚሁ ባክግራውንድ ላይ ነው። ነፃው ሰነድ የያዘው አራት ብቻ ነው፦ አኮላይት፣ ክሪሚናል፣ ሴጅና ሶልጀር። ጉልበት የሚሰጠው ሶልጀር ብቻ፣ ግርማ ሞገስ የሚሰጠው አኮላይት ብቻ። ፓላዲን የተባለው ክላስ ሁለቱንም ይፈልጋል፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚሰጥ የለም። ግርማ ሞገስ የሚፈልጉትን ክላሶች፣ ባርድ፣ ሶርሰረርና ዋርሎክ፣ የሚመርጡ ሦስት ጓደኛሞች ከተገናኙ ሦስቱም አኮላይት ይሆኑና ጠረጴዛው የዲያቆናትና የደረሶች ማኅበር ይመስላል። መፍትሔው ጌም ማስተሩ የራሱን ባክግራውንድ መሥራቱ ነው። አጥንቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሦስት ችሎታ፣ አንድ መነሻ ፊት (ያው የልዩ ችሎታው ስም እንጂ የሰው ፊት አይደለም)፣ ሁለት ስኪል፣ አንድ የሙያ መሣሪያ፣ ዕቃ ወይም 50 ወርቅ። የመጋላ ነጋዴ ልትሠሩ ብትፈልጉ ግርማ ሞገስ፣ ዕውቀትና ጽናት፤ ስኪልድ የተባለው ፊት፤ ማሳመንና የሰው ሐሳብ ማንበብ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ቁጥሩ ከወጣ ዝርያን በምን እንምረጥ? መለኪያችን አንድ ነው፦ ያ ችሎታ በአንድ ቁጭታ ስንት ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል? በዚህ ሚዛን አንደኛው ሃፍሊንግ ነው። ባለ20 ዳይሱ 1 ሲያሳይ ደግሞ ይጥላል፣ ሁለተኛውን ይቀበላል። ተራው ሰው ከ20 ውርወራ በአንዱ 1 ሲያገኝ ሃፍሊንጉ የሚያገኘው ከ400 በአንዱ ነው። መቁጠር፣ ማስታወስ፣ ማረፍ የለበትም። ኖሙም እንዲሁ ዝም ብሎ ይሠራል፤ በዕውቀት፣ በጥበብና በግርማ ሞገስ ሴቭ (ከአደጋ ማምለጫ ውርወራ) ሁሉ ሁለት ዳይስ ጥሎ ትልቁን ይወስዳል። 11 እና ከዚያ በላይ በሚያስፈልግበት ቦታ ዕድሉ ከ50 ወደ 75 በመቶ ያድጋል። ድዋርፍ በየሌቭሉ አንድ ነፍስ (የጉዳት መቻያ ነጥብ) ይጨምራል፤ በአንደኛ ሌቭል ኢምንት ይመስላል፣ ግን 6 ላይ ከጽናቱ የሚመጣውን ተደማሪ ብቻ ደምሮ ለሚነሣ ዊዛርድ ያቺ አንዷ ነፍስ ከመሬት ታነሣዋለች። ኦርክ ዜሮ ሲደርስ በ1 ነፍስ ይቆማል፤ ይህ ግን ከአንድ ሙሉ እረፍት (በጨዋታው ውስጥ ተኝቶ ማደር) እስከ ሌላው አንዴ ብቻ ነው፣ ተጫዋቹም ከሁለት ቁጭታ አንዱን ይረሳዋል። ወረቀቱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ይከበብ።

ሰው አሰልቺ ነው የሚባለው ልክ አይደለም። አንድ ተጨማሪ ስኪል፣ አንድ ተጨማሪ መነሻ ፊት፣ ከእያንዳንዱ ሙሉ እረፍት በኋላ ደግሞ ዳይስ የሚያስደግም ኢንስፒሬሽን ይሰጣል። ለጀማሪ የምንመክረው እሱን ነው፤ ከአራት ፊት መምረጥ ብቻ ስለሆነ ግራ አይጋባም።

ኤልፍና ቲፍሊንግ በተቃራኒው ወረቀት ያበዛሉ። የሚሰጡት አስማት በሌቭል 1፣ 3 እና 5 የሚከፈት ሲሆን የአስማቱ ዝርዝር ያለው ከዝርያው ርቆ ሌላ ምዕራፍ ውስጥ ነው። የዝርያውን ገጽ ብቻ አሳትሞ የሄደ ሰው በመሃል ስልክ ያወጣል፤ ያኔ መብራትም ኔትወርክም ከሌለ ጨዋታው ይቆማል። ኢንፈርናል ቲፍሊንግ ለሚመርጥ ፋየር ቦልት፣ ሄሊሽ ሪቡክ፣ ዳርክነስና ታውማተርጂ አብረው ይታተሙ።

ዳርክቪዥን (በጨለማ የማየት ችሎታ) ላይም ብዙ ጠረጴዛ ይሳሳታል። ከዘጠኙ ስድስቱ አላቸው፤ የሌላቸው ሰው፣ ሃፍሊንግና ጎልያድ ናቸው። ችሎታው ግን ጨለማን ቀን አያደርግም። ድቅድቁን ወደ ድንግዝግዝ፣ ድንግዝግዙን ወደ ብርሃን ይለውጣል፤ ቀለምም አይለይም። በድቅድቅ ጨለማ የሚፈልግ ኤልፍ አሁንም ሁለት ዳይስ ጥሎ ትንሹን ይወስዳል። ስለዚህ ችቦ ያዙ፤ 20 ጫማ ሙሉ ብርሃን፣ ሌላ 20 ጫማ ደብዛዛ ይሰጣል። ሰነዱ በጫማ ነው የሚለካው፤ 5 ጫማ ማለት 1.5 ሜትር፣ ሰሌዳው ላይ አንድ ካሬ ነው።

ይህንን ልክ የያዘ ሰው ድራጎንቦርኑን ጀጎል ውስጥ ሲያጫውት ይጣፍጠዋል። እስትንፋሱ ሁለት ቅርጽ አለው፦ 15 ጫማ የሚሰፋ ማራገቢያ፣ ወይም 5 ጫማ ስፋት ያለው 30 ጫማ ቀጥታ መስመር። መኪና ግርግርን በሚመስል ጠባብ መንገድ ላይ ማራገቢያው ግድግዳ ይመታል፤ መስመሩ ግን ስድስት ካሬ ጠርጎ ይሄዳል። ጉዳቱ 1 ዲ10 (አንድ ባለ10 ዳይስ) ነው፣ በሌቭል 5 ሁለት ዲ10 ይሆናል፤ በሌቭል 1 በሙሉ እረፍት ሁለት ጊዜ ብቻ ይተነፍሳል። የማምለጫው ቁጥር 8 ሲደመር ከጽናቱ የሚመጣው ተደማሪ ሲደመር የሌቭሉ የብቃት ተደማሪ ነው፤ ጽናቱ 14 ለሆነ ጀማሪ 8 + 2 + 2፣ ማለትም 12። የሚረሳው ነገር፦ እስትንፋሱ ወዳጅና ጠላት አይለይም። ፊት ለፊት የቆመው ፓላዲንም ይቃጠላል። ስሙን «የዘንዶ ልጅ» ብሎ የተረጎመ ተጫዋች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት፤ የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል እያየ ላደገ ሰው ዘንዶ ከፈረሱ እግር ሥር ያለው ነው። ታሪኩን ከዚያው መጀመር ግን መጥፎ ሐሳብ አይደለም።

ጎልያድን በስሙ ሁሉም ያውቀዋል። የመጽሐፍ ቅዱሱ ስድስት ክንድ ከስንዝር ነበር፤ የሰነዱ ከ7 እስከ 8 ጫማ ብቻ ነው። ከስድስቱ የግዙፋን ስጦታ የምንመርጠው የድንጋዩን ነው፤ ጉዳት ሲደርስበት 1 ዲ12 ጥሎ የጽናቱን ተደማሪ ጨምሮ ከጉዳቱ ይቀንሳል።

ሐረር ላይ በብዛት የሚጠየቀው ዝርያ ግን ሰነዱ ውስጥ የለም፤ ጅብ ሰው። ኖል የሚባሉት ጅብ መሰሎች ያሉት ከጭራቆቹ ምዕራፍ ነው፣ ያውም ከርኩሳን ተመድበው። ማታ ማታ ከግንቡ ውጪ ጅብ በሚቀለብበት፣ ለአሹራ ቅቤ የገባበት ገንፎ በሚቀርብለት፣ ግንቡ ላይ መግቢያ ቀዳዳ በተተወለት ከተማ ይህ አይዋጥም። (ከደጋ የመጣ ተጫዋች «ቡዳ!» ብሎ ሊደነግጥ ይችላል፤ እሱም ለጨዋታው ቅመም ነው።) ከባዶ መፍጠር አያስፈልግም። ኦርክን እንዳለ ውሰዱና ስሙን «ወራባ» በሉት፦ የ120 ጫማ ዳርክቪዥኑ የሌሊት ዓይን ይሆናል፣ በቦነስ አክሽን (በተራው በሚያገኘው ተጨማሪ ድርጊት) መሮጡ ሽታ ተከትሎ መሮጥ፣ በ1 ነፍስ መቆሙ የጅብ እልህ። ቁጥር አትንኩ። የመንጋ ጥቅም፣ አጥንት የሚሰብር መንጋጋ እያሉ መጨመር የሚጀምር ሰው ሦስተኛው ጭማሪ ላይ ሌሎቹን ዝርያዎች ከጨዋታ ያስወጣቸዋል።

ይህን ሁሉ ማድረግ ሕጋዊ ነው። ሰነዱ የወጣው በክሪኤቲቭ ኮመንስ ሲሲ ባይ 4.0 ፈቃድ ነው፤ መተርጎም፣ መቀየር፣ አሳትሞ መሸጥም ይቻላል፣ በውስጡ የተጻፈውን የምንጭ መግለጫ እስካስገባችሁ ድረስ። ለዚህ ነው የነፃውን የዝርያ ክፍል ከ5 ለ4 የምንሰጠው። አንዱን ያስቀነሰው የባክግራውንዱ ጥበትና ድርቀቱ ነው፦ ሥዕልም የለ፣ ቲፍሊንግ ማን እንደሆነ የሚነግር አንድ አንቀጽም የለ፣ ችሎታዎቹ ብቻ። አዲስ ሰው ካለ ጌም ማስተሩ ለእያንዳንዱ ዝርያ ሁለት ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ ያዘጋጅ።

ለማሳተም፦ ሙሉውን አታሳትሙ። የዝርያና የባክግራውንድ ገጾቹን፣ የተመረጡትን ክላሶች፣ የሚያስፈልጉትን አስማቶች ብቻ በጥቁርና ነጭ፣ በወረቀቱ ሁለቱም ፊት። ዳይስ ከሌለ ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው እኩል የተቆረጡ ወረቀቶች በቆብ ይሆናሉ፤ የወጣው ቁጥር ከሚቀጥለው በፊት ካልተመለሰ ግን የሃፍሊንጉም የኖሙም ስሌት ይበላሻል። የዝርያ ገጾቹን ላሚኔት አስደርጉ፤ የድሬ ከሰዓት ላብና የሻይ ብርጭቆ ተራ ወረቀትን ሁለት ሳምንት አያቆዩትም።