የመልህቅ ማንሻው ንጹሕ ነው፤ ጥፋተኛው ኬብሉ ነው

በኤሌክትሪክ የሚሠራ የመልህቅ ማንሻ በሸራ ጀልባዬ ላይ ከገጠምኩ 14 ወር ሆነኝ። ሰባቱን ወር ማሽኑን ስረግም ቆየሁ፤ በቀሩት ሰባት ወራት ያንኑ ማሽን ይቅርታ ስጠይቅ። በመካከሉ ሞተሩ አልተቀየረም፣ ካምቢዮው አልተነካም፣ ሰንሰለቱም ያው ነው። የተቀየረው ከባትሪው ተነሥቶ እስከ ጀልባዋ ፊት የሚሄደው ኬብል ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የማሽኑ ግምገማ ነው ቢባልም አብዛኛው ስለ መዳብ ነው።

ነገሩ የለየለት በአንድ ሌሊት ነው። በ12 ሜትር ጥልቀት ላይ 50 ሜትር ሰንሰለት ለቅቀን ተኝተናል። ሊነጋ ሲል ነፋሱ ዞረና ማታ ከፊታችን የነበረው ድንጋያማ ዳርቻ ከኋላችን ሆነ። መነሣት ነበረብን። ባለቤቴ ዋናውን ሞተር አስነሥታ መሪውን ያዘች፤ እኔ ወደ ፊት ሄጄ የእግር ማብሪያውን ረገጥኩ። ማንሻው የመጀመሪያዎቹን ሜትሮች እንደ ወትሮው ሳበ። ከዚያ ድምፁ እየወፈረ፣ እየወረደ፣ እያቃሰተ መጣና የሰንሰለቱ መንኮራኩር ቀጥ ብሎ ቆመ። እግሬን ሳላነሣ ብሬከሩ ወረደ። ብሬከሩ የሚጠብቀው ኬብሉን ስለሆነ ቦታው ከባትሪው አጠገብ ነው፤ የእኔ ባትሪ ደግሞ በጀልባዋ የኋላ ጫፍ ነው። ሮጥኩ፣ መለስኩት፣ ተመልሼ ረገጥኩ። አራት ሜትር ሳበና እንደገና ወረደ። በሦስተኛው ጊዜ ሩጫውን ትቼ የእጅ ማንቀሳቀሻ ዘንጉን አወጣሁ።

በዘንግ ሰንሰለት አውጥቶ ለማያውቅ ሰው ልንገረው፦ አንድ ጊዜ በሙሉ ጉልበት ገፍቶ የሚያገኘው ጥቂት የሰንሰለት ቀለበቶችን ነው። እኔ ከ30 ሜትር በላይ ይቀረኝ ነበር። ባለቤቴ ከመሪው ሆና «የሚያቃስተው ማሽኑ ነው ወይስ አንተ ነህ?» አለችኝ። መልስ ለመስጠት ትንፋሽ አልነበረኝም።

እዚህ ላይ የራሴን ድርሻ ልናዘዝ። የመልህቅ ማንሻ ጀልባ መጎተቻ አይደለም። ጀልባዋን በዋናው ሞተር ቀስ አድርጎ ወደ መልህቁ ማስጠጋት ነው ደንቡ፤ ማንሻው የላላውን ሰንሰለት ብቻ ይሰበስባል። እኔ ግን በድንጋጤ ስምንት ቶን ጀልባ በነፋስ ላይ ጎትት አልኩት። ሆኖም ድንጋጤዬ ብቻውን ይህን አላመጣም። ከዚያ በፊትም ውኃው እንደ መስታወት በረጋበት ቀን፣ መልህቁ ከጭቃው ሊነቀል ሲል፣ ማሽኑ ያቃስት ነበር። እኔ ነኝ አልሰማ ያልኩት።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ከብት ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ሞተሩን ፈታሁ፤ ካርቦኖቹ ገና አዲስ ናቸው። የካምቢዮውን ዘይት አየሁ፤ ንጹሕ ነው። ፍሪሲዮኑን አጠበቅኩ፣ አላላሁ፣ መልሼ አጠበቅኩ። ለአምራቹ የቁጣ ደብዳቤ ጀምሬ ነበር፤ ሳልልከው በመቅረቴ ዛሬም ደስ ይለኛል።

ደብዳቤውን ያስቆመው ቴስተር ነው። ዋናውን ሞተር አጥፍተን፣ ባለቤቴ ማብሪያውን እየረገጠች ሁለቱን ጫፎች በየተራ ለካሁ። ማሽኑ ወደ 100 አምፔር ሲስብ ባትሪው ላይ 12.1 ቮልት አለ፤ ማሽኑ ተርሚናል ላይ ግን የደረሰው 10.4 ነው። 1.7 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። ወዴት ሄደ? ሒሳቡ የትምህርት ቤት ሒሳብ ነው። ኬብሉ 25 ካሬ ሚሊሜትር ነው። መንገዱ 11 ሜትር ቢሆንም ኤሌክትሪክ ሄዶ ይመለሳልና 22 ሜትር ነው የሚቆጠረው። 1 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ በአንድ ሜትር 0.0175 ኦም ያህል ይቋቋማል። ይህ በ22 ተባዝቶ ለ25 ሲካፈል 0.0154 ኦም ይመጣል። ቁጥሩ ትንኝ ያህላል፤ በ100 አምፔር ሲባዛ ግን 1.5 ቮልት ነው። የቀረችው 0.2 በብሬከሩ፣ ከእግር ማብሪያው ትእዛዝ ተቀብሎ ሞተሩን በሚያበራው ሪሌና በመጋጠሚያዎቹ የጠፋች ናት።

ክፋቱ ይህም አይደለም። ጭነቱ በከበደ ቁጥር ሞተሩ የሚስበው አምፔር ይጨምራል፤ በ180 አምፔር ይኸው ኬብል ብቻውን 2.8 ቮልት ይበላል። ጉልበት በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው የሚከዳው። ሞተሩ አቅም አጥቶ ይቆማል፤ የቆመ ሞተር ደግሞ ከሚዞር ሞተር የበለጠ አምፔር ስለሚስብ ብሬከሩ ይወርዳል። እኔ ስሰድበው ያደርኩት ብሬከር ጀልባዬን ከእሳት እየጠበቀ ነበር።

ኬብሉን የሸጠልኝ ሰው አሁን ፊቴ ቢቆም ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «ጌታዬ፣ 25 ካሬ እኮ ከ100 አምፔር በላይ ይሸከማል፤ ሰንጠረዡ ላይ ተጽፏል።» ይሸከማል ወንድሜ። አልቀለጠም፣ አልጨሰም። ሰንጠረዡ ግን የሚናገረው ኬብሉ ከልክ በላይ ሳይግል ስንት አምፔር እንደሚያሳልፍ ነው፤ መድረሻው ላይ ስንት ቮልት እንደሚቀር አይናገርም። በሬዬን አልገደልከውም፤ አስርበህ ነው እርሻ የላክኸው። «ባትሪዎ ከማሽኑ ምን ያህል ይርቃል?» ብለህ አንድ ጥያቄ ብቻ ብትጠይቀኝ ኖሮ ይበቃ ነበር። እውነት ነው፣ እኔም አልነገርኩህም። ሻጩ ግን አንተ ነህ።

ማሽኑን የሸጠልኝ ሌላው ሰው ደግሞ «ባለ 1500 ዋቱን ይውሰዱ ብዬዎት ነበር» ይለኝ ይሆናል። ለእርሱም መልስ አለኝ። 60 ሜትር ባለ 8 ሚሊሜትር ሰንሰለት፣ ሜትሩ 1.4 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን፣ 84 ኪሎ ይመዝናል፤ 20 ኪሎ መልህቅ ሲጨመር 104። የተለመደው ምክር የማንሻው ከፍተኛ የመሳብ አቅም ከዚህ ድምር ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ይሁን ይላል፤ የእኔው ባለ 1000 ዋት ከአራት እጥፍም ያልፋል። ደግሞስ ሰንሰለቱ መቼ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይንጠለጠላል? በ12 ሜትር ጥልቀት የሚንጠለጠለው 17 ኪሎ ያህል ነው፤ ከዚያም ላይ ውኃው ከስምንት አንድ እጁን ይሸከምልናል። በዚያው ቀጭን ኬብል ላይ ትልቁን ማሽን ብገጥም ኖሮ ብዙ አምፔር ስቦ ብዙ ቮልት ከማጣት በቀር ምን ይፈይድልኝ ነበር?

አሁን ያለው ኬብል 70 ካሬ ሚሊሜትር ነው፤ ጨው እንዳይበላው መዳቡ በቆርቆሮ የተለበጠ። ዋጋው የማሽኑን ዋጋ ሲሶ አከለ፤ ስከፍል እጄ ከብዶኛል። ይህን ኬብል በጀልባ ሆድ ውስጥ መሳብ ዘንዶን በአይጥ ጉድጓድ እንደ ማስገባት ነው። አይታጠፍም፣ አይለመንም። ሁለት ቀን ሙሉ በአልጋ ሥርና በመጸዳጃው ግድግዳ ጀርባ በሆዴ ተስቤአለሁ። ተርሚናሎቹን በመዶሻ ቀጥቅጬ ልገላገል ስል ባለቤቴ ተቆጣች፤ በሃይድሮሊክ መጭመቂያ የተጨመቁት በእርሷ ቁጣ ነው። ልክ ነበረች፤ በወፍራም ኬብል የተገኘውን ቮልት አንድ የላላ መጋጠሚያ መልሶ ይወስደዋል።

ውጤቱን መጀመሪያ የነገረኝ ጆሮዬ ነው። ማቃሰቱ ቀረና ማሽኑ ከመነሻ እስከ መድረሻ በአንድ ድምፅ መሥራት ጀመረ። በ100 አምፔር ኬብሉ ላይ የሚጠፋው ቮልት ወደ 0.55 ወርዷል። በሰዓት ስለካው ግን ለውጡ ያን ያህል አያስደንቅም፤ 30 ሜትር ለመሰብሰብ 2 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጅ የነበረው 2 ደቂቃ ሆነ። ለ20 ሰከንድ ይህ ሁሉ ወጪ የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ያ ሰው መልህቁ አልነቀልም ሲል፣ ዳርቻውም ከኋላው ሲቀርብ፣ የእግር ማብሪያ ረግጦ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ብሬከሩ አንድም ቀን አልወረደም።

የቀረው ነገር ሁሉ ይሠራል። ሌሊት ጭነቱን ማሽኑ ላይ አልተውም፤ ሰንሰለቱን በመንጠቆ ይዤ በሚለጠጥ የናይለን ገመድ ጀልባዋ ላይ አስረዋለሁ። ግራሶም እቀባዋለሁ፤ ሳስታውስ። አንድ የማይለቀኝ ቅሬታ አለ፤ እርሱም ቢሆን የማሽኑ ሳይሆን የጀልባዋ ነው። የሰንሰለት ማስቀመጫው ጥልቀት የለውም። የሚገባው ሰንሰለት እንደ እህል ክምር ሾጥጦ ይቆማል፤ 45 ሜትር አካባቢ የክምሩ ጫፍ መግቢያው ቀዳዳ ላይ ይደርስና የሚከተለው ሰንሰለት መውረጃ አጥቶ መንኮራኩሩ ሥር ይጠላለፋል። ስለዚህ አንዳችን ታች ወርደን ክምሩን በእንጨት እንንዳለን። ኤሌክትሪክ ገዝቼ በእንጨት እየሠራሁ መሆኔን አጠገባችን ያሉ ጀልባዎች ባያዩ ደስ ይለኛል።

ማሽኑን እንደገና እገዛው ነበር? ዛሬ ብትጠይቁኝ ያለ ማመንታት አዎ፤ ከስምንት ወር በፊት ብትጠይቁኝ ኖሮ ወደ ባሕር ወርውሬ ባሳየኋችሁ። ያ 22 ሜትር ቀጭን ኬብል ተጠቅልሎ አልጋው ሥር ተቀምጧል። ባለቤቴ ይጣል ትላለች፤ መዳብ ነው፣ አይጣልም እላለሁ። የሚፈልግ ሰው ካለ በነጻ እሰጠዋለሁ፤ ባትሪው ከማሽኑ ምን ያህል እንደሚርቅ ግን አስቀድሜ እጠይቀዋለሁ።