በደብረ ብርሃን የልብ አልትራሳውንድ አገልግሎት፤ ከተገልጋይ እይታ

አጎቴ ከመሐል ሜዳ ተነሥተው ለክትትል ምርመራ ዳግም አዲስ አበባ ድረስ እንዳይንገላቱ በማሰብ፣ ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ በተለምዶ ኢኮ የሚባለውን የልብ አልትራሳውንድ አሠርተንላቸዋል። የተዘጋው የልብ ደም ቧንቧቸው አዲስ አበባ ተከፍቶ ከተመለሱ ገና ጥቂት ቀናቸው ነበር።

ክፍሉ ማሞቂያ አለው፤ በደብረ ብርሃን ብርድ በርኖሳቸውን አውልቀው ደረታቸውን ለሚገልጡ ሽማግሌ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሐኪሙ በግራ ጎናቸው አስተኝተው፣ መሣሪያውን በጎድን አጥንቶቻቸው መካከል እያዘዋወሩ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞሩልን። ሌላው የልብ ግድግዳ በየምቱ ወደ ውስጥ ሲሰበሰብና ሲወፍር፣ የፊተኛው ግን እምብዛም አይንቀሳቀስም ነበር።

ቧንቧው ከተከፈተ ጡንቻው ለምን ደከመ? የክሊኒኩን ብርታት ያየሁት ለዚህ ጥያቄ በተሰጠን መልስ ነው። ደም ሲቋረጥ የልብ ጡንቻ የመኮማተር ኃይል በሰከንዶች ውስጥ ይቀንሳል፤ መቋረጡ ከ20 ደቂቃ ገደማ ሲያልፍ ደግሞ ሕዋሳቱ መሞት ይጀምራሉ። ደሙ በጊዜ የደረሰለት የጡንቻ ክፍል ከሞት ቢተርፍም ወዲያው አይበረታም፤ ኦክስጅን ሲመለስ የሚፈጠሩ ጎጂ ውሁዶችና በሕዋሱ ውስጥ ከመጠን በላይ የሚገባው ካልሲየም የመኮማተሪያ ፕሮቲኖችን ስለሚጎዱ፣ ለሰዓታት፣ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ደንዝዞ ይቆያል። ስለዚህ ፈዞ የታየው ሁሉ ጠባሳ አለመሆኑን ሐኪሙ አስረድተውን፣ ከሳምንታት በኋላ እንድንመለስ ቀጠሩን። በሁለተኛው ምርመራ የቀድሞውን ምስል ከአዲሱ ጎን ለጎን አድርገው አሳዩን፤ የልቡ ጫፍ አካባቢ እንደደከመ ቢሆንም፣ የቀረው የፊተኛው ግድግዳ በግልጽ ተሻሽሏል።

ካርድ ማውጣቱ ፈጣን ነው፤ ክፍያውም አስቀድሞ ይነገራል። ቅር ያሰኘኝ የውጤት ወረቀቱ ነው። ሕመሙ መቼ እንደጀመረና ቧንቧው መቼ እንደተከፈተ የሚጻፍበት ቦታ የለውም፤ የመጀመሪያውን ወረቀት ብቻ የሚያይ ሌላ ሐኪም ጊዜያዊውን ድካም የዘለቄታ ጉዳት አድርጎ ሊወስደው ይችላል፤ የሕክምናው ውሳኔም በዚያው ሊሳሳት ይችላል። ስንጠይቅ ሐኪሙ ቀኖቹን በእጃቸው ጨመሩልን። ተመርማሪዎች ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጣቸውን ማጠቃለያ ይዘው ቢሄዱና ቀኑ እንዲሰፍር ቢጠይቁ መልካም ነው። ክሊኒኩ በቀጠሮ ብቻ ስለሚሠራ፣ አዲስ የደረት ሕመም የጀመረው ሰው ግን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት።