ጉልበተኛ መኪና በመሀል አዲስ አበባ፦ ማኑዋል ወይስ ኦቶማቲክ?

ከ300 የፈረስ ጉልበት በላይ ያለው መኪና ሊገዛ የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው የትኛው ካምቢዮ እንደሚፈጥን ነው። መኪናውን በየቀኑ የሚነዳው ከሜክሲኮ እስከ ፒያሳ ከሆነ ግን ሊጠይቅ የሚገባው ሌላ ነው፤ ዳገት ላይ ቆሞ ሲነሣ ሸክሙን የሚችለው የትኛው ነው? በመሀል ከተማ የሞተሩ ጉልበት የሚወጣው በሩጫ ሳይሆን በመነሣት ነውና።

የፍጥነቱ ክርክር ካበቃ ቆይቷል። ለምሳሌ ጂ80 የሚባለው ቢኤምደብልዩ ኤም3 እ.ኤ.አ. በ2021 ለገበያ ሲቀርብ፣ ባለ 6 ማርሽ ማኑዋሉ 480 የፈረስ ጉልበትና 550 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል፣ ባለ 8 ማርሽ ኦቶማቲኩ ኮምፒቲሽን ደግሞ 510 የፈረስ ጉልበትና 650 ኒውተን ሜትር ነበራቸው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ የመጀመሪያው 4.2፣ ሁለተኛው 3.9 ሴኮንድ ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ ማኑዋሉን የሚመርጥ ሰው አንዳንድ ጊዜ ሳያውቀው ጉልበቱ የተቀነሰ ሞተር ጭምር እየመረጠ ነው። ለማንኛውም ይህቺ የሦስት ዐሥረኛ ሴኮንድ ብልጫ የቸርችል ጎዳና መብራት ላይ ምንም አትፈይድም።

ዋናው ጉዳይ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ፣ አየሩ ሳስቶ ተርቦ (አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ተርቦ ያለው ሞተር ጉድለቱን በአብዛኛው ቢያካክስም፣ ተርቦው አየር መግፋት የሚጀምረው የሞተሩ ዙር ከጨመረ በኋላ በመሆኑ፣ በመነሻዋ ቅጽበት እሱም እንደሌላው ደካማ ነው። የማኑዋል ነጂ ይህን ክፍተት የሚሞላው ነዳጅ ጨምሮ በግማሽ ፍሪሲዮን በመያዝ ሲሆን፣ ዋጋውን የሚከፍለው ፍሪሲዮኑ ነው።

አንድ ጊዜ ከወዳጄ ጋር ከብሔራዊ ቴአትር ወደ ማዘጋጃ ቤት ስንወጣ ከፊታችን የነበረው ሚኒባስ ሰው ለመጫን ሦስት ጊዜ ቆመ። ከኋላችን ያለው መኪና መከላከያችን ሥር ተለጥፎ ስለነበር ወዳጄ አንዲት ስንዝር እንኳ ወደ ኋላ መንሸራተት አልቻለም፤ በሦስተኛው መነሣት ላይ የተቃጠለ የፍሪሲዮን ሽታ መኪናው ውስጥ ገባ። ከወራት በኋላ ጋራዥ ተፈትቶ ሲታይ ቮላኖው (ፍሪሲዮኑ የሚጣበቅበት የሞተሩ ክብ ብረት) ላይ ሙቀት የጣላቸው ሰማያዊ ነጠብጣቦች ነበሩ። ብርቱ ሞተር ያለው መኪና ፍሪሲዮን በጠንካራ ሞላ ስለሚያዝ ፔዳሉም ከባድ ነው፤ አመሻሽ ላይ ሜክሲኮን ያቋረጠ የግራ እግር ይህን ያውቃል።

ይሁን እንጂ ኦቶማቲክ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቶርክ ኮንቨርተር ያለው ካምቢዮ ሲነሣ ሞተሩንና ማርሹን የሚያገናኘው በዘይት ነው፤ በዚያች ቅጽበትም የሞተሩን የመጠምዘዝ ኃይል እስከ እጥፍ ገደማ ያሳድገዋል፤ ለዳገት መነሻ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑ ግን በውስጡ ማኑዋል ሆኖ እግሩን ኮምፒዩተር የተካለት ስለሆነ፣ በኤሊ ጉዞ መጨናነቅ ውስጥ ፍሪሲዮኖቹ ይሞቃሉ። ለመሀል ከተማ የምመርጠው ያለ ማመንታት የመጀመሪያውን ነው። ሻጮች ዘይቱ አይቀየርም ቢሉም፣ በብዙ የአውሮፓ መኪኖች ላይ ያለውን ባለ 8 ማርሽ ካምቢዮ የሚሠራው ዜድኤፍ ራሱ ዘይቱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ እንዲቀየር ይመክራል።

ማኑዋሉ ደስታ አለው፤ ያንን አልክድም። ፖርሼ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውን 911 ጂቲ3 ያለ ማኑዋል ካቀረበ በኋላ በ2017 መልሶ አምጥቶታል። ከእንጦጦ ሲወረድ መኪናን በማርሽ ይዞ መውረድም ለነጂው ይበልጥ ቅርብ የሆነው በማኑዋል ነው። ሁለተኛ መኪና ላለውና ጉልበተኛዋን ቅዳሜና እሑድ ከከተማ ለሚያወጣ ሰው ማኑዋሉን መግዛት ስሕተት አይሆንም።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ገበያው ላይ የሚገኘው በአብዛኛው እዚሁ የተነዳ ስለሆነ፣ ከመክፈል በፊት መሞከር ግድ ነው። ማኑዋል ከሆነ ገላጣ ዳገት ላይ በ4ኛ ማርሽ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄዱ ነዳጁን እስከ ጥግ ይርገጡ፤ የሞተሩ ዙር ዘልሎ ፍጥነቱ ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ የቮላኖውንም ዋጋ ሶማሌ ተራ ካሉ የመለዋወጫ ሻጮች ጠይቀው ከመኪናው ዋጋ ላይ ያስቀንሱ። ኦቶማቲክ ከሆነ ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆ እንዳይጠብቅዎ ይንገሩት፤ ማለዳ በቀዝቃዛው አስነሥተው፣ ፍሬን እንደያዙ ከኋላ ማርሽ ወደ ፊት ሲቀይሩ ቢዘገይ ወይም ቢያንገጫግጭ፣ ሌላ መኪና ይፈልጉ።