ለሆም ቴአትር ኬብል ከታይዋን ገበያ፦ ግዢውና ግምገማዬ

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ውስጥ ከሚገኝ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ለቴሌቪዥኔና ለሳውንድባሬ (ከቴሌቪዥን ጋር ለሚሠራ ረጅም ድምፅ ማጉያ) ኬብሎችን ገዝቼ በአገልግሎቱ ረክቻለሁ። ባለሱቁ ገና ዕቃ ሳያወጣ የቴሌቪዥኑን ዓይነት፣ ድምፁ በየትኛው መሣሪያ እንደሚወጣና በመካከላቸው ያለውን ርቀት ጠየቀኝ፤ ኬብል መመረጥ ያለበትም በዚህ መንገድ ነው።

ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያየው የሚገባው በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የኬብል ደረጃ ነው። «ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ» የተባለው ኤችዲኤምአይ (ምስልና ድምፅን አንድ ላይ የሚያስተላልፍ ኬብል) በሰከንድ 18 ጊጋቢት ስለሚያስተላልፍ በሰከንድ 60 ፍሬም ለሚታይ የ4ኬ (እጅግ ጥርት ያለ) ምስል ይበቃል፤ «አልትራ ሃይ ስፒድ» ግን 48 ጊጋቢት የሚያስተላልፍ ሲሆን፣ እንደ ፕሌይስቴሽን 5 ያሉ በ120 ፍሬም የሚሠሩ የጨዋታ መሣሪያዎች ላሉት ቤት ተገቢ ነው። ሁለቱም ደረጃዎች በስልክ ተነብቦ እውነተኛነቱ የሚረጋገጥ መለያ ሊኖራቸው ይገባል። እኔ የወሰድኩት የመጀመሪያውን ነው፤ መለያውንም እዚያው ባንኮኒው ላይ በስልኬ አረጋግጫለሁ። ሻጮች አብዝተው የሚያወድሱት የወርቅ ቅብ መሰኪያውን ከዝገት ይጠብቃል እንጂ የዲጂታል ምስልን ጥራት አይጨምርም፤ ስለዚህ ለእሱ ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም።

ለድምፅ በቴሌቪዥኑ ጀርባ «ኤአርሲ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን መሰኪያ መጠቀም ከሁሉ የተሻለ ነው፤ የቴሌቪዥኑ ድምፅ በዚያው በአንዱ ኤችዲኤምአይ ኬብል ወደ ሳውንድባሩ ይመለሳል፣ የታመቀ የዙሪያ ድምፅ የሆነውን ዶልቢ ዲጂታልንም ያስተላልፋል። ጥራቱ ያልተቀነሰውን የድምፅ ዓይነት ዶልቢ ትሩኤችዲ የሚፈልግ ሰው ግን ሁለቱም መሣሪያዎቹ «ኢኤአርሲ» (የተሻሻለው ኤአርሲ) ያላቸው መሆኑን ያረጋግጥ። ኤአርሲ ለሌለው አሮጌ አምፕሊፋየር ባለሱቁ ያሳየኝ ኦፕቲካል ኬብል ጥሩ አማራጭ ነው፤ ድምፁን በብርሃን ስለሚያሻግር ኤሌክትሪክ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ አያልፍም፣ በዚያም መንገድ የሚመጣው ጉምጉምታ ይቀራል። ከመጠን በላይ ከታጠፈ ግን ይሰበራል። ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ያላቸው ገመዶች አሁንም በብዛት ይሸጣሉ፤ ቀዩና ነጩ ለስቴሪዮ ድምፅ ይሆናሉ፣ የቢጫው ምስል ግን በትልቅ የ4ኬ ስክሪን ላይ ደብዝዞ ይታያል።

ቅሬታዬ አንድ ነው። ሱቁ ለፕሮጀክተር ብሎ የሚሸጠው ረጅሙ የ10 ሜትር ኤችዲኤምአይ ምንም የማረጋገጫ መለያ የለውም። በዚህ ርዝመት ተራ የመዳብ ኬብል የ4ኬ ምስልን ሳያቋርጥ ማድረሱ አስተማማኝ ስላልሆነ፣ ፕሮጀክተር የሚሰቅል ሰው ውስጡ የብርሃን ክር የሆነ ኤችዲኤምአይ ቢፈልግ ይሻለዋል፤ እሱን በዚያ ሱቅ አላገኘሁም።