በጅማ መርካቶ ለሚሠሩ አንድ ጫማ ሰፊ አባት የቀረበ ምስጋና

ይህን ምስጋና የምጽፈው በጅማ መርካቶ አካባቢ፣ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ በሦስት እግር በርጩማ ተቀምጠው ለሚሠሩ አንድ አዛውንት ጫማ ሰፊ ነው። ስማቸው በጽሑፍ እንዲወጣ ስላልፈቀዱልኝ ደንበኞቻቸው ሁሉ እንደሚጠሯቸው «አባባ» እያልሁ እቀጥላለሁ። ተራራ ለመውጣት ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም ጊዜ ከመንገድ የተመለስሁ ሴት ነኝ፤ በሦስተኛው በባሌ ተራሮች ካለው ከቱሉ ዲምቱ ጫፍ የደረስሁት እርሳቸው በሰፉልኝ ጫማ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራዬ በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ወደ ራስ ዳሸን ያደረግሁት ሲሆን ጥፋቱም የራሴ ነበር። ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ከምትገኘው ጅማ ተነሥቼ፣ ደባርቅ አንድ ሌሊት ብቻ አድሬ፣ በማግስቱ በመኪና 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እስካለው የሰሜን ተራሮች ካምፕ፣ ጨነቅ፣ ወጣሁ። ሌሊቱን በራስ ምታትና በማስታወክ አነጋሁት። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጣ የሚታደርበትን ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ መጨመር እንደማይገባ የተማርሁት ከወረድሁ በኋላ ነው። በጥር 2012 ዓ.ም. ግን ሳንቃበርና ግጭ በተባሉት ካምፖች እያደርሁ፣ ሰውነቴን ከአየሩ ጋር እያላመድሁ በእግሬ ሄድሁ። የቧሂትን መተላለፊያ አልፈን ወደ መሸሃ ወንዝ ስንወርድ የቀኝ ጫማዬ ሶል ከፊት በኩል አፉን ከፈተ። አብሮን የነበረው ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ከበቅሎው ጭነት ላይ ሲባጎ ፈትቶ ጠፈረልኝ፤ ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሄድሁ ሲባጎው በድንጋይ ተበጠሰ፤ ወደቅሁና የግራ ቁርጭምጭሚቴ ወለም አለኝ። ጨነቅ የተመለስሁት በበቅሎ ጀርባ ነው። ቤት ስደርስ አክስቴ «ሁለቴ ከልክሎሻል፤ ሦስተኛውን ምን ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ኮሮና መጣ፣ የሰሜኑም ጦርነት ተከተለ፤ ጫማው በካርቶን ውስጥ አልጋ ሥር ዓመታት ቆየ። እንደገና ለመሄድ ወስኜ ሳወጣው በከተማችን አንድ ቦታ ወሰድሁት፤ በዐሥር ደቂቃ ማስቲሽ ቀብተው መለሱልኝ። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት ለልምምድ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ሶሉ እንደገና ተላቀቀ። ወደ አባባ የላከችኝ ጎረቤቴ ናት።

አባባ ጫማውን ተቀብለው ምንም ሳይጠይቁ ገለበጡት። በአውራ ጣታቸው የሶሉን ጎን ጫን ሲሉት እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ማስቲሽ የሚይዘው ነገር የለውም፤ ዱቄት ላይ ምን ይጣበቃል?» አሉኝ። ነገሩ እውነት ነው። በእንደነዚህ ዓይነት ጫማዎች ውስጥ ከእግር መርገጫውና ከታችኛው ጎማ መካከል የሚገባው ፖሊዩሬቴን የተባለ ለስላሳ ንብርብር፣ ቢረገጥም ባይረገጥም እርጥበት ቀስ በቀስ ያፈራርሰዋል። ዝናቧ ረጅም በሆነው በጅማ ደግሞ አልጋ ሥር በካርቶን ማስቀመጥ ጫማውን መጠበቅ ሳይሆን ማጥፋት ኖሯል። አባባ የፖሊዩሬቴንን ስም አያውቁም፤ ጠባዩን ግን ያውቁታል። የፈረሰውን በሙሉ እስከ ቆዳው ድረስ ፍቀው አወጡና በምትኩ ጥቅጥቅ ያለ ጎማ ገጠሙ፤ ለታችኛውም የባጃጅ ጎማ ቆረጡ። የከባድ መኪና ጎማ ለበረባሶ እንጂ ለዳገት ይከብዳል ባይ ናቸው። ከዚያ በሰም በታሸ ክር፣ በወስፌ እየበሱ ዙሪያውን ሰፉት፤ ውሃ እንዳይገባም ስፌቱን መልሰው በሰም አሹት።

አጠገባቸው ተቀምጬ ስለ ጃፓናዊቷ ጁንኮ ታቤይ አጫወትኋቸው። እ.ኤ.አ. በ1975 ኤቨረስትን ለመውጣት ገንዘብ ስትፈልግ «ቤትሽ ተቀምጠሽ ልጅሽን አሳድጊ» የተባለች፣ ከጓደኞቿ ጋር ወጪ ለመቆጠብ ከመኪና ወንበር ልባስ ውሃ የማያስገባ ጓንት የሰፋች፣ ግንቦት 4 ቀን ድንኳኗ በናዳ ተቀብሮ ራሷን ስታ ከበረዶ ሥር ተጎትታ የወጣች፣ ከዐሥራ ሁለት ቀን በኋላም ከጫፉ የደረሰች የመጀመሪያዋ ሴት መሆኗን (ቀኖቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዝርዝር ነገርኋቸው። ስለ ናዳው የበለጠ ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ክሩን በጥርሳቸው እየበጠሱ «ያን የወንበር ልባስ በምን መርፌ ሰፋችው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን ስለ ስፌቱ አይደለም። «ሦስት ቀን ጅሬን ውጪበትና አምጪው» ብለው ሰደዱኝ። ሳመጣው የሁለቱን ሶል ጎን ለጎን አስቀምጠው ካዩ በኋላ ቀኙ ተረከዙ ላይ መበላቱን፣ ግራው ግን ገና አዲስ መምሰሉን አሳዩኝና «ግራ እግርሽን ትሳሽለታለሽ፤ ይህን እኔ አልሰፋውም፤ ሐኪም ዘንድ ሂጂ» አሉኝ። ቁርጭምጭሚቴ ድኗል ብዬ ስንት ዓመት ራሴን ሳታልል ኖሬአለሁ። በምክራቸው ፊዚዮቴራፒ ጀምሬ በአንድ እግር መቆምንና ደረጃ መውጣት መውረድን ለሦስት ወር ያህል ተለማመድሁ። በመካከሉ ጫማውን ሁለት ጊዜ ከፍተው አስተካከሉት፤ ለዚህ ተጨማሪ ሳንቲም አልተቀበሉኝም።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. ከዲንሾ ተነሥተን፣ የወብን ሸለቆ አልፈን፣ በሰኔቲ አምባ በኩል 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ ወጣን። እውነቱን ለመናገር እዚያ ድረስ የመኪና መንገድ አለ፤ በእግር ያን ያህል ቀን መድከሜን የሰማች አክስቴም እስካሁን ትስቅብኛለች። ራስ ዳሸን ገና ይቀረኛል። ስመለስ ጫማውን ይዤ አባባ ዘንድ ሄድሁ። ስለ ተራራው አንድም ቃል ሳይጠይቁ ገልብጠው አዩትና «አሁን ሁለቱም እኩል አልቀዋል» አሉ።

ጫማ ለማሠራት የምትፈልጉ ሁሉ ወደ እርሳቸው እንድትሄዱ ስጠቁም አንዳንድ ነገር አስቀድማችሁ ብታውቁ መልካም ነው። አባባ አይቸኩሉም፤ የእኔ ጫማ ዘጠኝ ቀን ፈጅቷል። ስልክ ስለማይጠቀሙ ቀጠሮ የሚያዘው ፊት ለፊት ነው። ሊሠራ የማይችለውን ጫማ አይሠራም ብለው ይመልሱታል እንጂ ለገንዘብ ብለው አይቀበሉም፤ ይህ ያስቀየማቸው ደንበኞች እንዳሉም አውቃለሁ። ዓርብ ዕለት ለጁምዓ ስለሚሄዱ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ባትሄዱ ይሻላል። መርካቶ ደርሳችሁ በባጃጅ ጎማ ሶል የሚሠሩትን አባባ ብትጠይቁ ሊስትሮዎቹ ይወስዷችኋል።