ክዳኑ እየጠበቀ የሚፈጨው ክኒን መፍጫ፦ ደሴ ላይ ለሚያስታምሙ

ስትሮክ መትቶት ክኒን መዋጥ ያቃተውን ሰው ቤት ውስጥ ለሚያስታምም፣ ይቺ ትንሽ የፕላስቲክ መፍጫ ከወጥ ቤቱ ሙቀጫ እጅግ ትሻላለች። ሙቀጫ የቅመም ሽታ ይይዛል፣ ዱቄቱም ይበተናል። እዚህ ግን ክዳኑን ማጥበቅ፣ አላልቶ መታ መታ ማድረግ፣ ደግሞ ማጥበቅ ነው፤ ፓራሲታሞል እንደ በሶ ይልማል።

ድክመቷ የክዳኑ ጥርስ ላይ ነው። ዱቄት እዚያ ይሸሸግና መጠኑ ይጎድላል። ስለዚህ በ15 ሚሊ ሊትር ውሃ አለቅልቆ ያንኑ ውሃ መስጠት ግድ ነው። በሽተኛው ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ ውሃ ትን የሚለው ከሆነ በአፍ አይሰጠው፣ ሐኪም ይጠየቅ።

በጣም የሚያሳስበን ሌላ ነው፤ ሁሉም ክኒን አይፈጭም! «ሪታርድ» የተጻፈበት ኒፌዲፒን የተባለው የደም ግፊት መድኃኒት ቀስ እያለ እንዲለቅ የተሠራ ነው። ከተፈጨ ለሰዓታት የታሰበው መጠን ባንዴ ደም ውስጥ ይገባል፣ የደም ግፊቱም ያሽቆለቁላል። የጨጓራ መድኃኒት በሆነው በኦሜፕራዞል ካፕሱል ውስጥ ያሉት ፍሬዎች ደግሞ ከጨጓራ አሲድ የሚጠብቃቸው ሽፋን አላቸው፤ ሽፋኑ ከተፈጨ አንጀት ሳይደርሱ ይበላሻሉ። ደሴ ፒያሳም ሆነ ሌላ ሰፈር መፍጫውን የሚገዛ ሰው የክኒኖቹን ማሸጊያ ይዞ ቢሄድ፣ ፋርማሲስቱ የቱ እንደሚፈጭ ለይቶ ይነግረዋል።

ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ይፈጫል፣ ግን ይመራል። ምሬቱን ለማጥፋት ተብሎ በወተት ሲሰጥ ካልሲየሙ መድኃኒቱን ይይዘውና ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል። በውሃ ይሁን።