«ዝግጁ» ተብሎ የሚሸጠውን የባሕር ውኃ አኳሪየም ከመግዛታችሁ በፊት

ባለፈው ረቡዕ ቴሌግራም ላይ አንድ ፎቶ አይቼ ደነገጥኩ። ባለ 200 ሊትር የባሕር ውኃ አኳሪየም፣ ማለትም ጨዋማ ውኃ ያለበት የዓሣ ማኖሪያ መስታወት ነው። ሰማያዊ መብራት በርቶበታል። ክላውንፊሽ የሚባሉ ሁለት ብርቱካናማ ዓሣዎች ከድንጋዩ ፊት ይታያሉ። ከሥሩ «ሙሉ በሙሉ ዝግጁ፣ ኮራሉ እየተራባ ያለ፣ ባለቤቱ ከአገር ስለሚወጣ በአስቸኳይ የሚሸጥ» ይላል። ኮራል ባሕር ውስጥ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚያድግ እንስሳ ነው።

ይህ እኔ የገዛሁት አኳሪየም ፎቶ ነው። አኳሪየሙ አሁን ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሳሎኔ ውስጥ ነው ያለው። ማስታወቂያው ላይ የተቀየረው ስልክ ቁጥሩና ዋጋው ብቻ ነው። ለእኔ በ95,000 ብር ነበር የተሸጠው፤ አሁን 110,000 ሆኗል። ሌላ ሰው ሳይከፍል የደረሰብኝን ልንገራችሁ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ከስምንት ወር በፊት ነው። ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ባሕር አይቶ አያውቅም። ዓሣ ካየ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ለልደቱ ብዬ ገንዘብ ሳጠራቅም ቆየሁ። ማስታወቂያውን ሳይ ደወልኩና ለገሃር አካባቢ፣ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ተቀጣጠርን። ሻጩ ሰው አክባሪ ነው። ወንበር ሰጠኝ፣ ለልጄም ከረሜላ ሰጠው። ጥያቄዬን ሁሉ በትዕግሥት መለሰልኝ።

ድንጋዩ ላይ ከየስንጥቁ ብቅ ብቅ ያሉ ቡናማ ነገሮች ነበሩ። ቀጭን ግንድ አላቸው። አናታቸው ላይ ረጃጅም፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ጣቶች አሉ። ትንንሽ ዘንባባ ይመስላሉ። ልጄ «ምንድን ናቸው?» ብሎ ጠየቀ።

«የኮራል ልጆች ናቸው» አለው ሻጩ። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ «እህቴ፣ ጤነኛ ካልሆነ አይወልድም። እነዚህን ዋጋ ውስጥ አላስገባኋቸውም፤ ምርቃት ናቸው» አለኝ።

አመንኩት። ልጄ ቤት ከገባን በኋላ በየማታው እየቆጠረ ይመግባቸው ጀመር።

እነዚህ የኮራል ልጆች አይደሉም። አይፕታሲያ ይባላሉ። የኮራል ዘመድ የሆነ፣ የሚናደፍ የባሕር እንስሳ ነው። የባሕር አኳሪየም የሚይዝ ሰው ከሚፈራቸው ተባዮች አንዱ ነው። አጠገቡ ያለውን ኮራል እየነደፈ ቦታውን ይወስዳል። ክፋቱ ደግሞ አረባቡ ላይ ነው። ከእግሩ ቁራጭ ብትቀር፣ ያቺ ቁራጭ ራሷን የቻለች አዲስ አይፕታሲያ ትሆናለች። ይህን ሳላውቅ በቢላ ፋቅኩት። ስምንት የነበረው በወሩ ከአርባ አለፈ።

አንድ ሁለት ብቻ ሲሆኑ መላ አለው። የኖራ ዱቄት፣ ማለትም ንጹሕ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ በጥቂት ውኃ እንደ ሙቅ ይበጠበጣል። ከዚያ በሲሪንጅ ቀስ ብሎ አፉ ላይ ይደረጋል። ለግንብ የሚሸጠው ኖራ ግን አይሆንም፤ ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም። በአንድ ጊዜም ብዙ አትጠቀሙ፣ የውኃውን ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት ልኩን፣ ያናጋዋል። ፔፐርሚንት ሽሪምፕ የሚባል ትንሽ የባሕር እንስሳም ይበላዋል። በርጊያ የሚባለው ትንሽ የባሕር ቀንድ አውጣ ደግሞ ከአይፕታሲያ ሌላ ምግብ የለውም። እሱን ግን አዲስ አበባ ውስጥ ሲሸጥ አላየሁም። ሽሪምፕ ስትገዙም ጀርባውን እዩት። ጎበጥ ያለ ጀርባ ያለው ካሜል ሽሪምፕ ነው፤ ቀዩ መስመሩ ፔፐርሚንቱን ስለሚያስመስለው ያሳስታል፤ እሱ ኮራል ይበላል። ድንጋዩ ሙሉ በሙሉ ከተወረረ ግን እነዚህ ሁሉ ብዙም አያስጥሉም።

ለሻጩ ደውዬ ስነግረው የሰጠኝን ምክር ስሙ። «ድንጋዩን አውጪና በድስት ቀቅይው፣ ሁሉም ይሞታል» አለኝ። እባካችሁ፣ ማንም ቢነግራችሁ ይህን አታድርጉ። ከባሕር በመጣ ድንጋይ ላይ ዞአንቲድ የሚባሉ፣ የልብስ ቁልፍ የሚመስሉ ኮራሎች ሊኖሩ ይችላሉ። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አላቸው። ድንጋዩ ሲፈላ መርዙ ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል። በሌሎች አገሮች በዚሁ ምክንያት ቤተሰብ ሙሉ ሆስፒታል የገባበት ጊዜ አለ። የእኛ የኮንዶሚኒየም ኩሽና ጠባብ ነው፣ መስኮቱም አንድ ነው። ልጄ ደግሞ ከጎኔ አይጠፋም። እንደ አጋጣሚ የዚያን ቀን ጋዝ አልቆብኝ ነበር። እስኪሞላ ድረስ ሳነብ ነው ያገኘሁት። አሁንም ሳስበው ይዘገንነኛል።

ወደ ጨዉ ልምጣ። ከአኳሪየሙ ጋር ሦስት ኮራሎች ነበሩ። በሦስተኛው ሳምንት መንጣት ጀመሩ፤ ከዚያ ሥጋቸው ረግፎ አጥንታቸው ብቻ ቀረ። የጨዋማነት መለኪያው፣ ሃይድሮሜትሩ፣ 1.025 ያነባል። ትክክለኛው ቁጥር ነው። ታዲያ ምን ነካቸው ብዬ ግራ ገባኝ። አንድ የማውቀው ልጅ የካልሲየም መመርመሪያ አውሶኝ ስለካው በሊትር 210 ሚሊግራም ሆነ። የባሕር ውኃ ከ400 በላይ ሊኖረው ይገባል። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከካልሲየም ነው። ማግኒዚየሙም ወደ 1,300 መሆን ሲገባው ከግማሽ በታች ነበር።

የሆነው ይህ ነው፦ ሻጩ ውድ የሆነውን የባሕር ጨው ከምግብ ጨው ጋር ቀላቅሎታል። ስጠይቀው አልካደም። «ጨው ጨው ነው፣ ቁጥሩ ደርሷል አይደል?» አለኝ። አልደረሰም። ሃይድሮሜትር የሚለካው ውኃው ውስጥ ምን ያህል ነገር እንደሟሟ ነው። ምን እንደሟሟ አይነግራችሁም። የአፋር ጨው ለወጣችን የሚተካው የለም። ኮራል ግን ከሶዲየምና ከክሎራይድ በተጨማሪ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ፖታሲየም ይፈልጋል። ስለዚህ ስትገዙ የጨዉን ባልዲ ወይም ከረጢት አሳዩኝ በሉ። የካልሲየም ምርመራ ፊታችሁ ይሠራ። «አያስፈልግም» ካለ ሂዱ።

«የቀነሰውን በጨው ውኃ ሙይው» ያለኝም እሱ ነው። ውኃ ሲተን ጨዉ እዚያው ይቀራል። በጨው ውኃ ከሞላችሁት በየሳምንቱ ጨዋማነቱ ይጨምራል። የሚሞላው ጨው በሌለው የተጣራ ውኃ ነው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለው፤ በቀጥታ አይጨመርም።

«ውኃው ሳምንት ሆኖታል፣ ዝግጁ ነው» የሚለውንም እንዳታምኑ። የዓሣ ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያውን ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪበዙ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። የእኔ ድንጋይ ደግሞ ከለገሃር ልደታ የተጓዘው ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ፣ ደረቅ ሆኖ ነው። መኪና እስኪገኝ ሦስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆሟል። ላዩ ላይ የነበረው ሕይወት ሞቶ ራሱ አሞኒያ ሆነ። የባሕር ውኃ ፒኤች ከ8 በላይ ስለሆነ ደግሞ አሞኒያ የበለጠ ይመርዛል። ዓሣዎቹ በተአምር ነው የተረፉት።

ከዚያ ነጭ ነጠብጣብ መጣባቸው። ጨው የተነሰነሰባቸው ይመስል ነበር። አሁንም ወደ ሻጩ ሄድኩ፣ ስለ ዓሣ በሽታ የምጠይቀው ሌላ ሰው አልነበረኝም። ስም የሌለው ጠርሙስ፣ ሰማያዊ ፈሳሽ፣ 2,500 ብር። «አኳሪየሙ ውስጥ ጨምሪው» አለኝ። ፈሳሹ መዳብ ነበር። መዳብ ነጠብጣቡን የሚያመጣውን፣ ዓሣው ላይ የሚኖረውን ጥገኛ ተሕዋስ ይገድላል፣ እውነት ነው። ግን ሽሪምፕ፣ ቀንድ አውጣ፣ ሸርጣን፣ ኮራል ሁሉ ይገድላል። በሁለት ቀን ውስጥ የጀርባ አጥንት የሌለው እንስሳ አንድም አልቀረልኝም። መዳቡ ድንጋዩና አሸዋው ውስጥ ስለሚገባ ያንን ድንጋይ ለኮራል ዳግም አልጠቀምበትም። መዳብ የሚሰጠው ዓሣው ለብቻው፣ ባዶ መስታወት ውስጥ ሆኖ ነው። ዋናው አኳሪየም ደግሞ ወደ 76 ቀን ያህል ያለ ዓሣ ይቀመጣል፤ ጥገኛው ዓሣ ካጣ ያልቃል።

ስለ ከተማችን አንድ ነገር ልጨምር፣ ሻጮች አይነግሯችሁም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ጨዋማ ውኃ ደግሞ ጨው ከሌለው ውኃ ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ ዓሣውም ቶሎ ይታፈናል። ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ ውኃው ከ25 ዲግሪ ይወርዳል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ሳይኖራችሁ አትጀምሩ። የእኔን ስገዛ «መብራት ቢጠፋ ችግር የለውም» ነበር የተባልኩት።

አሁን ምን እንደምታደርጉ። ለማየት ስትሄዱ ማታ ሂዱ። መብራቱ ይጥፋና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። የስልካችሁን ባትሪ በቀይ ፌስታል ሸፍናችሁ ድንጋዩን እዩ፤ ብዙዎቹ እንስሳት ቀይ ብርሃን እምብዛም አያዩም። ፀጉራም ትል ብታዩ አትደንግጡ፣ አብዛኛዎቹ ቆሻሻ የሚያጸዱ ናቸው። በእጅ ግን አትንኳቸው፣ ፀጉሩ ይወጋል። ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ድንጋዩ ውስጥ ማንቲስ ሽሪምፕ ሊኖር ይችላል፤ እሱ ዓሣ አድኖ ይበላል። ቡናማዎቹን ዘንባባዎች ካያችሁ በዘንግ ነካ አድርጉ። ፈጥኖ ስንጥቁ ውስጥ ከገባ አይፕታሲያ መሆኑን ጠርጥሩ። አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም ዜሮ ካልሆኑ አትክፈሉ።

ወረቀትም ጠይቁ። ድንጋዩና ኮራሉ «ከጅቡቲ ነው የመጣው» ነበር የተባልኩት። አጥንት የሚሠሩ ኮራሎች በሙሉ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ አሉ። ኢትዮጵያም አባል ናት። ድንበር የሚያልፉት በፈቃድ ነው። በእኛ አገር ጉዳዩን የሚይዘው የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። እኔ ያኔ መጠየቅ እንዳለብኝ እንኳ አላውቅም ነበር።

ደረሰኝ ስጠይቅ ደግሞ «ያለ ደረሰኝ ስለሆነ ነው የቀነስኩልሽ» አለኝ። እዚያ ላይ መነሳት ነበረብኝ። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። እኔ አይፕታሲያ መሆኑን ያወቅኩት በወሩ ነው። በእጄ ያለውም የባንክ ማስተላለፊያ መልእክት ብቻ ነው፤ ምን እንደገዛሁ አይናገርም። ሻጩ አሁን ስልኬን አያነሳም። ምድር ቤቱም ተዘግቷል።

ክላውንፊሾቹ በሕይወት አሉ። ለጊዜው ትንሽ መስታወት ውስጥ ናቸው። ትልቁን ከባዶ ጀምረነዋል፦ አዲስ ደረቅ ድንጋይ፣ እውነተኛ የባሕር ጨው፣ የተጣራ ውኃ። አምስተኛ ሳምንቱ ነው። ልጄ የአሞኒያውን ቁጥር በየቀኑ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፤ ከትናንት በስቲያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዜሮ ጻፈ።

ያንን ፎቶ ካገኛችሁት አስፍታችሁ እዩት። ከግራው ክላውንፊሽ ጀርባ፣ ከድንጋዩ ሥር፣ ቡናማ ዘንባባ የሚመስሉ አሉ። እኔ ስምንት ቆጠርኩ።